ሁለት ጣት ከቅንድብ በላይ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ወይራ አምባ በምትባል ከተማ እትዬ ስንዱ የሚባሉ መስማት የተሳናቸው ሴት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። በእጅ የሚያናግራቸው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እንደሳቸው የማትሰማው፣ ሩቅ ቆላ የምትኖረው እህታቸው ጥሩወርቅ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ይገናኙና እጃቸው እስኪዝል ያወራሉ። እኛ ቪዲዮው ቢጠፋብን እንደውላለን፣ እንጽፋለን። እሳቸው አይሰሙ፣ ፊደል አልቆጠሩ። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚሄደው መስመር የተቋረጠ ዕለት፣ እትዬ ስንዱ በዓለም ላይ የሚያናግራቸው ሰው አጡ።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠራሩት በእጅ ስም ነው፤ ስሙንም ለሰው የሚሰጡት እነሱ ብቻ ናቸው። የእትዬ ስንዱ አባት ስም ሁለት ጣት ከቅንድብ በላይ ማሳረፍ ነበር። አባትየው ከሞቱ ወዲህ ማንም አልተጠራበትም። እህትማማቾቹ ለሚገባው አንድ ሰው እንሰጠዋለን ብለው ሲያስቀምጡት ኖረዋል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሲጠሩት ሦስት ሰው ዞር የሚልበት ስም ምኑን ስም ሆነ?

በዚያው ዘመን ከእናታቸው ተዝካር ወዲህ አንድ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ሦስት ወንድምና እህት ነበሩ።

ትንሿ እልፍነሽ ወይራ አምባ ውስጥ ስልክ የምትጠግንበት ሱቅ ነበራት። እህትማማቾቹ የሚያወሩትም በእሷ ኮምፒውተር ነው። መስመሩ ከጠፋ በኋላ እትዬ ስንዱ በየቀኑ እየመጡ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ይቀመጡ ጀመር። ወደዚያ ቆላ የሚደውል ሌላ ሰው ስለሌለ የከተማው ሰው ጉዳዬ አላለውም። እልፍነሽ ግን ወንበሯን አስጠግታ «ውሃ» በእጅ እንዴት እንደሚባል ጠየቀቻቸው። በማግስቱ «ፀሐይ»ን፣ ከዚያ «ናፍቆት»ን ተማረች። በአሥረኛው ቀን ሁለቱ መቀላለድ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዋና ከተማ ላለው ታላቅ ወንድሟ እየደወለች «መስመሩ ምን ሆነ?» እያለች ታሰለቸው ነበር።

ታላቁ መኩሪያ ነው። ሥራው ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስመር መከታተል ነው። መንገድ የሚከታተል ፕሮግራም አለው፤ ጥያቄ ይልካል፣ በመንገዱ ያለ ጣቢያ ሁሉ በተራው «አለሁ» ይለዋል፣ መልስ ያልሰጠው ቦታ ላይ ኮከብ ይወጣል። ወደ ጥሩወርቅ ከተማ ዘጠኝ ጣቢያ ነው። ስድስቱ «አለሁ» አሉ። ከሰባተኛው ጀምሮ ኮከብ በኮከብ ሆነ።

ሰባተኛው ሞቷል ተባለ። ባለሙያዎች ተራራው ላይ ወጥተው ዕቃ ቀየሩ፤ ኮከቡ አልጠፋም። እንደገና ወጥተው ቀየሩ። ከዚያ አለቆች ዕቃው ተቀይሯል ብለው ጉዳዩን ዘጉት። መኩሪያ ግን የእህቱ ጭቅጭቅ እንቅልፍ ነስቶታል። በዚያው በሰባተኛው በኩል ወደሚደረስበት ሌላ ከተማ ጥያቄ ላከ። ሰባተኛው ላይ ኮከብ ወጣ፣ ከሱ ወዲያ ያሉት ግን «አለሁ» አሉ! ሞቶ ቢሆን ጥያቄው በማን በኩል አለፈ? ለካ ሰባተኛው በሕይወት አለ፣ አይናገርም እንጂ። ከዚያ ቆላ ላለ ባልደረባው በስልክ ነግሮ ከጥሩወርቅ በኩል ወደ ኋላ አስሞከረ፤ ዘጠነኛውም ስምንተኛውም መለሱ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የለም። ከወንበሩ ሳይነሳ የተቆረጠው በሰባትና በስምንት መካከል መሆኑን አወቀ። አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር።

ሰባተኛውን ጣቢያ የሚጠብቀው ደግሞ መካከለኛው ወንድም ይትባረክ ነው። ተራራው ላይ ብቻውን ይኖራል። መኩሪያ ደውሎ ጣቢያው ለምን እንደማይመልስ ጠየቀው።

«ከአራት ዓመት በፊት እኔ ነኝ አትመልስ ያልኩት፤ ዕቃ ቢቀየርም ትእዛዙ አይጠፋም» አለ ይትባረክ። «ቀኑን ሙሉ ማሽኑን አለህ ወይ፣ አለህ ወይ ይሉታል። እኔን አለህ ወይ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ባለሙያዎቹ ሲመጡስ ለምን አልነገራቸውም? ረስቼው ነው ይላል። አምናችሁት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግማሹን ነው ያመንኩት። ብቻ የተቆረጠው በሰባትና በስምንት መካከል መሆኑን ሲሰማ ስልኩን ዘግቶ መሣሪያውን ተሸከመና ገደሉን ወረደ። ሁለት ቀን በዝናብ ገመዱን ተከትሎ ሄደ። አፈር የተናደበት ቦታ ደርሶ ጥፍሩ እስኪነቀል ድንጋይ ፈነቀለ። ገመዱ ውስጥ ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አንድ በአንድ ቀጠላቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ መስመሩ ተመለሰ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ወንድሞች መጥተው ሦስቱም እልፍነሽ ሱቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የስሙን ነገር እሷ አጫውታቸዋለች፣ ሦስቱም ፈልገውታል።

«ሞተ የተባለውን አለ ያልኩ እኔ ነኝ» አለ መኩሪያ። «እኔ ባልነግረው የት ይቆፍር ነበር? ቢሮ ውስጥ የምጠራው በክፍል ቁጥሬ ነው። አንድ ስም ይብዛብኝ?»

«ማወቅ ብቻውን ክር አይቀጥልም፣ ወንድም ጋሼ» አለ ይትባረክ። «የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴንም አልክድም። ግን ሰው ስሜን ከጠራኝ ስንት ጊዜዬ ነው።»

እልፍነሽ ግን ወደ እትዬ ስንዱ ዞራ የሁለቱን ቃል በእጇ ከነገረቻቸው በኋላ ጠየቀች፦ «መስመሩ ተመለሰ። ከእንግዲህ እኔን ያናግሩኛል?»

እትዬ ስንዱ ሳይመልሱላት ስክሪኑ በራ። ጥሩወርቅ ብቅ አለች። ሁለቱ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ከዚያ እጃቸው እየተሽቀዳደመ አወሩ። ሲረጋጉ ጥሩወርቅ ያገናኘን ማን ነው ብላ ጠየቀች።

እትዬ ስንዱ ሁለት ጣታቸውን ከቅንድባቸው በላይ አሳረፉ። ቀጥሎ ወደ ሰውየው መጠቆም ነው። አግዳሚው ላይ ያሉትን ሦስቱን አንድ በአንድ አዩ። እጃቸው ግን እዚያው ቀረ።

ያልተቆረጠውን ከተቆረጠው የለየው አለ። በገዛ እጁ ዝም ያሰኘ፣ በገዛ እጁም የቀጠለ አለ። አንዲት ክር ሳትቀጥል አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያወራቻቸው አለች። እንግዲህ ተከራከሩ፤ እናንተ በእትዬ ስንዱ ቦታ ብትሆኑ ጣታችሁ ወደ ማን ይጠቁማል? ስሙ የሚገባው ለማን ነው?