ከላይ የተቀመሰ ማር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ክንፈ፣ ትርሲት ጥያቄዋን ጨርሳ ገና አፏን ሳትገጥም።

ጥያቄዋ ይህ ነበር። ትርሲት በስልኳ ቪዲዮ እየሠራች የምትለቅ፣ የከተማው ወጣት ሁሉ የሚከተላት ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ የፀጉር ቅባት አስተዋውቃ ነበር። ጠርሙሱን ወደ ጉንጯ አስጠግታ «እኔ የምጠቀመው ይህንን ነው» አለች፤ ሴቶቹም አምነው ገዙ። ቅባቱ ግን ፀጉር ማሳደጉ ቀርቶ የነበረውንም አረገፈው። አሁን «አንቺን ብለን ነው የገዛነው» የሚል መልእክት ይጎርፍላታል። የሠራው ፋብሪካ ሌላ፣ የሸጠው ሱቅ ሌላ፤ እሷ ያደረገችው ማሳየት ብቻ ነው። ገጿን ዘግታ ልትጠፋ ወስናለች። ከመጥፋቷ በፊት ግን ፊደል ያስቆጠሯትን የኔታን «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእነሱ?» ብላ ልትጠይቅ መጣች።

መሪጌታ ስለ ፀጉር ቅባት የሚያውቁት ነገር የለም፤ ራሳቸው ከተመለጠ ቆይቷል። ስለ ማር ግን ያውቃሉ። ምሳሌያቸውንም እንዲህ ቀጠሉ።

ሰውየው ማር ቀማሽ ነበር። ቀፎ የለው፣ ንብ የለው፣ የሚሸጠው ማርም የለው። ያለው ምላስ ነው። በአገሩ የማር ተራ መሐል ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሻጭ ገንቦውን ይዞ ይቀርባል፤ እሱ ይቀምሳል። «ይህ የግራር ነው፤ ይህ የአደይ ነው፤ ይህን ጭስ በልቶታል፤ ይህኛው ውሃ ገብቶበታል» ይላል። ያለውም ሆኖ ይገኛል። ሰውም ቀስ በቀስ ማሩን ማየት ተወና እሱን ማየት ጀመረ። ራሱን ከነቀነቀ ይገዛሉ፤ ከንፈሩን ካጣመመ ዝም ብለው ያልፋሉ።

በወጣትነቱ የአቀማመስ ወግ ነበረው። ረጅም የወይራ ዘንግ ልጦ፣ አለስልሶ ይዟል። ዘንጉን ከገንቦው አፍ እስከ ቂጡ ድረስ ይሰደዋል፤ ያማስላል፤ ቀስ ብሎ ያወጣና ጫፉን ይልሳል። ለምን እንዲህ ትደክማለህ ሲሉት «ከላይማ ሁሉም ማር ነው» ይል ነበር።

ስም ሲያገኝ ዘንጉ ከበደው። ዘንግ መስደድ ጊዜ ይፈጃል፤ እጅ ያጣብቃል፤ ተራ የሚጠብቀው ገንቦ ደግሞ ብዙ ነው። ሰው የሚያየው ዘንጉን ሳይሆን ፊቱን መሆኑንም አወቀ። ስለዚህ በጣቱ ከላይ ጠቅ እያደረገ መቅመስ ጀመረ። ልዩነቱን ማንም ልብ አላለም። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ክፉ አልነበረም። የታመነ ሰው ነበር። መታመን ደግሞ ያሰንፋል።

አንድ ቀን ከማዶ አገር አንድ ነጋዴ ብዙ ገንቦ በአህያ ጭኖ መጣ። ጨዋታ አዋቂ ነው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ፤ እሱ ገና ሳይሰፍር ይናገራል። «ለልጆችህ» ብሎ አንድ ቅል ነጭ ማር ወደ ቀማሹ ቤት አስቀድሞ ላከ። ቀማሹ ከቅሉ ቀመሰ፤ እውነትም እንከን የሌለው ማር ነበር። በማግስቱ ገንቦዎቹ ሲቀርቡለት በልቡ የቀመሳቸው ያህል ሆኖ ተሰማው። ከአንደኛው ከላይ ጠቅ አድርጎ ላሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማር አልቀመስኩም። ድግስ ያለው ከዚህ ይግዛ» አለ። ፀሐይ ሳትበረታ ገንቦው ሁሉ አለቀ። ነጋዴውም አህዮቹን ነድቶ በመጣበት መንገድ ሄደ።

ከገዙት አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ልጂቱ ልትዳር ነው። የሙሽራው ወገኖች ኮራ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያውም ያንገራገሩ ናቸው፤ «የእናቷን እጅ እንቅመስና እናያለን» ብለው ነበር። በዚያ አገር ሴት የምትመዘነው በእጇ ነው። ጠጇ ካማረ እጀ ጣፋጭ ትባላለች፤ ከኮመጠጠ እጀ መራራ። የእናት እጅ መራራ ከተባለ ልጂቱም ያንኑ ስም ይዛ ባሏ ቤት ትገባለች። ትክክል ነው አላልኩም፤ እንዲያ ነበር አልኩ እንጂ።

ሴትዮዋ ማሩን በጠበጠች፤ ጌሾውን ጨመረች፤ ጋኑን ከድና ጠበቀች። ሠርጉ ሲቃረብ ከፍታ ብትቀምሰው ጠጁ ውሃ ውሃ የሚል ጎምዛዛ ነገር ሆኗል። መጀመሪያ ጌሾውን ጠረጠረች። ቀጥላ ጋኑ በደንብ አልታጠነም ይሆናል አለች። ማሩንማ እንዴት ትጠርጥር? ቀማሹ አፉን ሞልቶ መስክሮለታል። የቀረው የራሷ እጅ ነበር። እጇን አይታ አለቀሰች። ጎረቤቶቿም ወሬውን ሰምተው «እጇ ነው፤ ሐዘን ገብቶበታል» ተባባሉ። ይህ ነበር ከሁሉ የከፋው።

በኋላ ባዶውን ገንቦ ልታጥብ ስትል ቂጡ ላይ ተጣብቆ የቀረ ነገር አገኘች። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ከዚያም ጠራርጋ በትንሽ ቅል አደረገችና ወደ ቀማሹ ቤት ሄደች።

ቀማሹ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጅ ነሥታ ቅሉን ሰጠችው። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ስኳር ነው፤ በውሃ የተፈላ ስኳር። ማሩ ከላይ ብቻ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ወዲያው ገባው። ግን ሰው ነውና መጀመሪያ ራሱን ሊያድን ሞከረ።

«እሜቴ» አለ፣ «ገንቦውን የሞላሁት እኔ አይደለሁም። የሸጥኩትም እኔ አይደለሁም። ሌባው ነጋዴው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ግን ነጋዴውን አላየሁትም። ገንቦውንም አላየሁ። ያየሁት እርስዎን ነው።»

ቀማሹ ጣቱን በነጠላው ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ቀምሰውታል?»

«ቀምሻለሁ።»

«ከየት?»

ሴትዮዋም መልሱን ቆማ አልጠበቀችም፤ ቅሏን ተቀብላ ሄደች። የሠርግ ሥራ እቤት ይጠብቃታል።

ቀማሹ ያን ቀን ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለ። ከአገር ልውጣ አለ፤ ሌላ ገበያ ላይ ማን ያውቀኛል። ዝም ልበል አለ፤ ሰው ይረሳል። ነጋዴውን ላሳስረው አለ፤ ይህስ ደግ ሐሳብ ነበር፣ ግን ነጋዴው ቢታሰር የሴትዮዋ ስም አይመለስም። ሐሳቡን ሁሉ ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ ነገር ላይ ደረሰና ከዚያ ማለፍ አቃተው። አገር ሁሉ «እጇ ነው» እያለ፣ እጇ አለመሆኑን ቆሞ ሊመሰክርላት የሚችለው ያው የተሳሳተው ምላስ ብቻ ነው። እሱ ከሸሸ ስሟ እንደጠፋ ይቀራል።

በቤቱ ለማኅበር ተራው የተጣለ ጠጅ ነበረው። ሚስቱን አማከረ። ሚስቱ ጥቂት ካሰበች በኋላ «ማኅበርተኛው ዘንድሮ ጠላ ይጠጣ፤ አይሞትም» አለችው። ጠጁን በእንስራ አስገልብጦ ወደ ሴትዮዋ ቤት አስጫነ።

የሠርጉ ዕለት ሠርገኛው ዳሱ ውስጥ ተደርድሮ ጠጅ ሲጠብቅ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ የገባው ማር ቀማሹ ሆነ። በየድግሱ ከሽማግሌዎች ጋር ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው፣ ነጠላውን አደግድጎ እንደ አሳላፊ ቆመ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እናቲቱም ከጓዳ በር ላይ ደርቃ ቀረች፤ ምን ሊናገር እንደሆነ አላወቀችም።

አሳላፊ ጠጅ ሳይቀዳ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ታውቂያለሽ። ክፉ ነገር ካለበት ከእናንተ በፊት እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ቀማሹም መዳፉን ዘረጋ፤ አፈሰሰ፤ ጠጣ። ከዚያ በሙሽራው አባት ፊት ቆመ።

«ይህ ጠጅ ከእኔ ቤት የመጣ ነው» አለ። «የእሳቸው ጠጅ ተበላሽቷል። ያበላሸው ግን የእሳቸው እጅ አይደለም፤ የእኔ ምላስ ነው። ያንን የማዶ ማር ከላይ ቀምሼ እስከ ታች መሰከርኩለት። ታቹ ስኳር ነበር። እጃቸውን የነቀፈ ካለ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ይንቀፍ።»

የሙሽራው አባት ቀማሹን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ጢማቸውን ዳበሱ።

«እኛም ከዚያ ማር ገዝተን ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ጠጁ ቢኮመጥጥ ሚስቴን ስቆጣት ከረምኩ።»

«ሰሙ አይደል?» አለች ሚስታቸው ከሴቶቹ መሐል።

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ሳቁና ብርሌያቸውን ዘረጉ። የልጂቱ እናት ጓዳ ገብታ እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ ለቅሶ ግን ሌላ ነበር። ሠርጉም እስኪነጋ ጨሰ።

ቀማሹ በዚያ አላበቃም። ገበያ ሲቆም ማሩን ያሞገሰበት ድንጋይ ላይ ወጣ። ባሞገሰበት ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳይውጥ፣ «ከላይ ነው የቀመስኩት። ጠጃችሁ የተበላሸባችሁ ሁሉ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም» አለ። ብዙ ሰው ተቆጣ። አንዳንዱ ሰደበው፤ የሚገባውን ነው ያገኘው። ከየቤቱም «እኔስ እጄ መስሎኝ ነበር» የምትል ሴት ብቅ አለች። አንዷ ከዚያ ወዲያ ጠጅ ላልጥል ምዬ ነበር አለች። ቀማሹ ይህን ሲሰማ፣ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ሴት ራሷን ስትወቅስ እንደምትኖር ገባው።

ያን ወቅት ማንም ገንቦ አላቀረበለትም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ከላይ ነው ከታች?» ይሉታል። ቀልዱ አገሩን ወረሰው፤ በቅሎ የሚያሞግስም፣ ሙሽራ የሚያሞግስም ሁሉ «ከላይ ነው ከታች የቀመስከው?» ይባል ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ። ድንጋዩን ግን አልለቀቀም። ሰው ቢመጣም ባይመጣም ዘንጉን ይዞ ይቀመጣል።

ኋላ አንድ ገበሬ ገንቦውን አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ። ሰዎች ሳቁበት። ገበሬው ግን «እዚህ ገበያ ላይ ተሳስቻለሁ ሲል የሰማሁት ይህን ሰው ብቻ ነው። ማሬን እሱ ይቅመስልኝ» አለ። ቀማሹ ዘንጉን እስከ ቂጡ ሰደደ፤ ብዙ ጊዜም ወሰደበት። ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠብቀው ሰልፍ ከድሮው ረዘመ፤ ሥራው ስለዘገየ ነው፤ ግን ማንም ቸኮልኩ ብሎ አልሄደም።

መሪጌታ ክንፈ ምሳሌያቸውን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ለመሆኑ ቅባቱን ተቀብተሽው ነበር?»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። «አንድ ቀን ብቻ፣ የኔታ። ለቪዲዮው።»

«እንግዲህ አንቺም ቀማሽ ነሽ፤ ከላይ ቀመስሽ» አሉ። «ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። የፋብሪካው ጥፋት የፋብሪካው ነው፤ የእሱን ሸክም ተሸከሚ አልልሽም። የአንቺ ድርሻ ሌላ ነው። ሴቶቹ ጠርሙሱን አላዩም፤ አንቺን ነው ያዩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አይታሽም። ግን አፍ ያው አፍ ነው፤ ያሳሳተው እሱ ነው፣ የሚመልሰውም እሱ ነው። ይሰድቡሽ ይሆናል፤ ይስቁብሽ ይሆናል፤ ያልፋል። ከስድቡ በኋላ የሚያምንሽ ሰው የዛሬው ዓይነት አይሆንም፤ አንቺም የዛሬዋ አትሆኚም።»

ትርሲት ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«መልእክት የላኩልሽን ብቻ አታስቢ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚሳደብ ሰው ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ያወቀ ነው። ዝም ያለችውን አስቢ። አንዷ ዛሬ መስተዋት ፊት ቆማ፣ የረገፈውን ፀጉሯን እያየች፣ ቅባቱ ለሌላው ሁሉ ሠርቶ ለእኔ እምቢ ያለው ፀጉሬ ክፉ ሆኖ ነው፣ ዕድሌ ነው ትላለች። አንቺ ገጽሽን ዘግተሽ ከጠፋሽ፣ አለመሆኑን ማን ይነግራታል?»