በራስ ቦታ የተከፈተው የጭራ መልእክት

አንድ ጊዜ፣ የዝንብ እንቁላል እንደ አገር ሰፊ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ የመጀመሪያ እንቁላሏን ያዘች። እንቁላሉ ገና ፊትና ኋላው አልተለየም። ራስ በየት በኩል፣ ጭራ በየት በኩል እንደሚበቅል መልእክት ካልደረሰው በቀር በራሱ አያውቅም። መልእክቱ የተከፈተበት ቦታ ላይ፣ የተጻፈው ነገር እዚያው ይበቅላል።

መልእክቱን የሚጽፉት ከእንቁላሉ ደጅ የሚኖሩ አሥራ አምስት አክስቶች ነበሩ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ያላቸውን ሁሉ ለእህታቸው ልጅ ጽፈው ሲጨርሱ ይሞታሉ። እያንዳንዱን መልእክት በማር ሰም አሽገው፣ በተሰነጠቀ ሸንበቆ ጫፍ ሰክተው ለመልእክተኛ ይሰጣሉ።

የራስን መልእክት ለአህያ ሰጡ፤ መንገዷ አጭር ነው፣ ከፊተኛው በር አያልፍም። የጭራው ግን ሩቅ ስለሆነ ለጅብ ሰጡት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተካው ብለውም ሁለት አደረጉት።

«አያ ጅቦ» አለች ታላቋ አክስት በደከመ ድምፅ፣ «ኋለኛው ጫፍ ሳትደርስ እንዳትከፍተው። ደግመን የምንጽፍበት ዕድሜ የለንም። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!»

«ስመለስስ ምን እበላለሁ?»

«አጥንት ይጠብቅሃል።»

በእንቁላሉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የገመድ መንገድ ተዘርግቷል። ጅብ በፊተኛው በር ገብቶ ገመዱን ገና ሲረግጥ ቀበሮ ከጥግ ብቅ አለች። አህያም መልእክቷን ከፍታ እዚያው አረፍ ብላ ነበር።

«አያ ጅቦ! አንተን የሚያህል ጎበዝ የዝንብ ተላላኪ ሆነ?» አለች ቀበሮ።

«አደራ ይዤ ነው።»

«ማር ማር የሚል አደራ! ሰሙን እንኳ አትቀምሰውም?»

«ሳይደርስ አይከፈት ተብሏል።»

«ሁለት አይደል የያዝከው? አንዱን እዚህ ክፈት፣ አንዱን እዚያ አድርስ። ሰሙንም አጥንቱንም በላህ ማለት ነው። ደግሞ ጭራ ቢበዛ ማን ይጠላል?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለሚያደክመው ቶሎ ተወው።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አህያ። «ይኼ እኮ የራስ ቦታ ነው!»

«አንቺ ጭነትሽን አራግፈሻል። ዝም ብትዪ ይሻልሻል፤ አለዚያ ከሰሙ ጋር አወራርድሻለሁ» አላት ጅብ።

አህያ ጆሮዋን ጣለች፤ ዝም አለች።

ጅብ ማኅተሙን ዘነጠለው። ቀበሮ ሰሙ ላይ የቀረውን ማር፣ እሱ ሰሙን በሉ። የተከፈተው የጭራ ቃልም በራስ ቦታ ተዘረጋና አህያ ያደረሰችውን ቃል አፈነው። ጅብ ሁለተኛውን መልእክት ኋለኛው ጫፍ አድርሶ ተመለሰና አጥንቱን ቆረጠመ።

የመፈልፈያው ቀን ደረሰ። አክስቶቹ ሁሉም ሞተዋል። እናቲቱ ጆሮዋን እንቁላሉ ላይ ለጥፋ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ከውስጥ የሚነካካ የለም። በገዛ እግሯ ሰነጠቀችው። በዚህም ጭራ፣ በዚያም ጭራ፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ትንፋሽ የለው።

«አያ ጅቦ፣ የልጄ ራስ የት ሄደ?»

«ስለ ራስ እኔን ምን አገባኝ? የተላክሁት ጭራ ነው። ይኸው፣ አንድ ለፈለግሽው ሁለት አበቀልኩልሽ!»

«እግዜር ያጽናሽ፣ እመት ዝንብ» አለች ቀበሮ ከንፈሯን እየመጠጠች። «ምን ይደረጋል፤ የፈጣሪ ሥራ ነው።»

«ስሙን እዚህ አታግቢው» አለች ዝንቧ። «እሱማ ለልጄ አሥራ አምስት አክስት ሰጥቶት ነበር።»

ከዚያ ወደ አህያ ዞረች። «አንቺስ? እዚያው አልነበርሽም?»

«ነበርኩ፣ እመት። እኔ የራሴን አደራ በደንብ አድርሻለሁ።»

«አድርሰሻል» አለች ዝንቧ የተሰነጠቀውን እንቁላል እያቀፈች። «ታዲያ የታለ?»

አህያ ዳግም ጆሮዋን ጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለ ቦታው የተከፈተ መልእክት ከጠፋ መልእክት የከፋ እንደሆነና፣ አደራ ሲበላ እያየ ዝም ያለም «የእኔን አድርሻለሁ» ብሎ ሊጽናና እንደማይችል ነው።