የአባ ደርምስ ውል እና እመት ታንጉት

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ትልቁ ና፤ ተረት የልጅ ብቻ ነው ብሎ ማን አታለለህ? ይኸውላችሁ፣ ድሮ ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው ሸንጎ ይቀመጥ በነበረበት ዘመን፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ ዝንጀሮና ከርከሮ በአንድ ሸለቆ ይኖሩ ነበር። ዝንጀሮ ሾላ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲበላ፣ አበላሉ ዝርክርክ ነውና፣ ግማሹ መሬት ይወድቃል። ከርከሮ ከሥር ሆኖ የወደቀውን ይለቅማል። ነብር ብቅ ሲል ደግሞ ከገደሉ አናት የተቀመጠው የዝንጀሮ ዘብ ይጮሃል፤ ዝንጀሮው ወደ ገደሉ፣ ከርከሮው ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዱ ሌላውን አመስግኖ አያውቅም።

አንድ በጋ ምንጩ ቀነሰና ጠብ መጣ። ዝንጀሮ፣ "ከርከሮ ውሃዬን አደፈረሰብኝ" አለ። ከርከሮ፣ "ዝንጀሮ በድንጋይ ፈነከተኝ" አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ከዚያማ ያው ጦርነት ነው፤ ድንጋይ ዘነበ፣ ጥርስ ተሳለ፣ በሁለቱም በኩል ብዙ እናት አለቀሰች። በመጨረሻ ከርከሮ አሸነፈ።

የከርከሮዎቹ አለቃ አባ ደርምስ ይባላል። አንገት የለው፣ ትዕግሥት የለው። የተሸነፉትን ዝንጀሮዎች ሜዳ ላይ ሰበሰባቸውና እንዲህ አላቸው፦

"መጀመሪያ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኛ የዝንጀሮዎች ብቻ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ገደል አትወጡም፣ ዛፍ አትወጡም፣ ዘብ አታቆሙም። የጮኸ ይሞታል። ማደሪያችሁ ሜዳው ነው። የሾላው ፍሬ እስከ ሰባት ዓመት የእኛ ነው፤ አምጥታችሁ ታስረክባላችሁ።"

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ወግ ነበር። ካሳ መጀመሪያ ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ ሽማግሌ ተነሥቶ "ለፈጣሪ ብለህ ቀንስ" ሲል ባለ ድሉ ይቀንሳል፤ "ለሽበቴ ብለህ ቀንስ" ሲል ደግሞ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ተሸናፊው ተሸክሞት ሊኖር የሚችለው ነው። በወጉ መሠረት ሽማግሌው አባባ ኤሊ ቀስ ብለው ተነሡ።

"አባ ደርምስ፣ ለፈጣሪ ብለህ ቀንስ።"

"አልቀንስም።"

"ለሽበቴ ብለህ።"

"ኤሊ ምን ሽበት አለው?" አለ አባ ደርምስ። ከርከሮዎቹ ሳቁ።

"እንግዲያውስ ለራስህ ብለህ" አሉ አባባ ኤሊ።

ይኼን ጊዜ አባ ደርምስ ቱግ አለ። "አንዲት ፍሬ አልቀንስም!" አለ። አባባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቤታቸው አስገቡ።

ከዝንጀሮዎቹ መሐል እመት ታንጉት የምትባል አሮጊት ነበረች። አንድ ዓይኗ በጦርነቱ ጠፍቷል። በቀረው ግን እኔና እናንተ በሁለት የማናየውን ታያለች። እኔ እቺን አሮጊት እወዳታለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ! ማሉ ሲባሉ ዝንጀሮዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ማሉ። እሷም ማለች፤ ያን ቀን ግን እህል አልቀመሰችም።

አንድ ወር አለፈ። አባ ደርምስ እየተንጎማለለ መጣ።

"ሾላዬ የታለ?"

እመት ታንጉት ሦስት የጠወለጉ ፍሬዎች አቀረበች። "ነፋስ የጣለው ይኸው ነው፣ ጌታዬ።"

"ዛፉ እኮ ጢም ብሎ ሞልቷል!"

"ሞልቷል። እኛ ግን ዛፍ አንወጣም። ውል ነው ጌታዬ፣ ውል ይከበራል።"

አባ ደርምስ ዛፉን ቀና ብሎ አየ። ውጡ ቢላቸው ውሉን ራሱ ማፍረሱ ነው፤ አገር ይስቅበታል። በንዴት ግንዱን በግንባሩ ገጨው። ዛፉ ንቅንቅ አላለም። ግንባሩ አብጦ፣ ከርከሮዎቹም ጾማቸውን አድረው፣ ፍሬው እላይ እንዳለ በሰበሰ። ዝንጀሮዎቹማ ሥር እየቆፈሩ ነው የሚውሉት፤ የእናቶች ጡት ደረቀ፣ ሕፃናቱ ከሱ።

በሁለተኛው ወር ነብር መጣ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ከተኙት ዝንጀሮዎች የእመት ታንጉትን የልጅ ልጅ ወሰደ። በማግሥቱ የከርከሮ ልጅ ወሰደ። አባ ደርምስ እያለከለከ መጣ።

"ነብር ሲመጣ የት ነበራችሁ? ለምን አልነገራችሁንም?"

"ከሜዳ ሆኖ ምን ይታያል፣ ጌታዬ? እኛም እንደ እናንተ የምናየው ሣር ነው። የልጄን ልጅ ሲወስዳት ያየሁት ጅራቱን ብቻ ነው።"

"ብታዩትስ ኖሮ?"

"የጮኸ ይሞታል ተብሏል። ውል ነው ጌታዬ፣ ውል ይከበራል።"

የአባ ደርምስ ሚስት ነገሩን ሰምታ፣ "እባክህ፣ ቢያንስ ዘቡን ፍቀድላቸው" አለችው። "ዛሬ ብፈቅድ ነገ ፈራ ይሉኛል" አላት። አይ ልጆቼ! ፈራ እንዳይሉኝ ብሎ ስንቱ የገዛ ቤቱን በላዩ ላይ አፈረሰ!

ረኃብና ውርደት ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ ደግሞ ታውቃላችሁ። ጓንጉል የሚባል ወጠምሻ ዝንጀሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ብዙም አልታየም ይላሉ። አሁን ግን ደረቱን እየደቃ ይፎክር ጀመር። "መሐላው ውሸት ነው! ልጆቻችን አለቁ! ቋጥኝ ሰብስቡ፣ ከርከሮን ከነልጆቹ ጉድጓዱ ውስጥ እንድፈነው!" አለ። ጎረምሶቹ ሁሉ ተከተሉት። ማን ይፈርድባቸዋል? ሆዳቸው ባዶ ነው።

እመት ታንጉት ጠራችው። "ጓንጉል፣ ስለ ውርደታችን የምትለው እውነት ነው። የምታስበው ነገር ግን ያጠፋናል። የቀረነው ጥቂት ነን። ሌላ ጦርነት ከገባን በዚህ ሸለቆ ዝንጀሮ የሚባል አይተርፍም።"

"ታዲያ እያየን እንለቅ?"

"ጨረቃ እስክትሞላ ታገሠኝ።"

"እስክትሞላ" አለ ጓንጉል። "ከዚያ በኋላ አንቺንም አልሰማም።"

ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የከርከሮ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ምንጩ ዳር ካለው ጭቃ ውስጥ ይንከባለሉ ነበር። እመት ታንጉት ከገደሉ ግርጌ ሥር ስትቆፍር፣ ቆቆች ከሣሩ ውስጥ ድንገት ብርር ብለው ተነሡ። ነፋስ የለም። ቆቅ በከንቱ አይነሣም። ልትወጣ እጇን ገደሉ ላይ ጣል አደረገች።

ጓንጉል አያትና እየሮጠ መጣ። "ወዴት ነው?"

"ነብር ነው። ወደ ጭቃው እየሄደ ነው።"

"እሰይ! ይብላቸዋ! ለእኛ ማን አዘነልን? ዝም በይ እናቴ፣ ነብሩ ሥራችንን ይሥራልን።"

"የሚበላው ልጅ ነው፣ ጓንጉል" አለች እመት ታንጉት። "ልጅ ደግሞ ውል አላሠረም።"

ወጣች። በአንድ ዓይኗ መርገጫ እየፈለገች፣ ከገደሉ አናት ደረሰችና ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ ጮኸች። ዋሕ! ዋሕ! ሸለቆው አስተጋባ። የከርከሮ እናቶች ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ከነልጆቻቸው ጉድጓድ ገቡ። ነብሩ የታየ መሆኑን ሲያውቅ አፍሮ ተመለሰ፤ ነብር ከታየ ምን ዋጋ አለው?

አባ ደርምስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ። "ማነው የጮኸው?"

"እኔ ነኝ" አለች እመት ታንጉት፤ ከገደሉ ወርዳ ፊቱ ቆመች። "ገደል ወጥቻለሁ። ጮኼያለሁ። የጮኸ ይሞታል። ውል ነው ጌታዬ፣ ውል ይከበራል።" አንገቷን ከጥርሱ ሥር ዘረጋችለት።

ከኋላዋ ጓንጉልና ጎረምሶቹ ድንጋይ ጨብጠው ቆመዋል። ያ ጥርስ አንገቷን ቢነካ ሸለቆው እንደገና በደም ሊታጠብ ነው። ብልጠት ነው ወይስ ደግነት ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱም ነው እላችኋለሁ፤ እሷ ዘንድ ተጣልተው አያውቁም።

የአባ ደርምስ ሚስት ልጆቿን እየነዳች መጣችና በመሐላቸው ቆመች። "እሷን ከመንካትህ በፊት እነዚህን እያቸው" አለችው። "አንድ አልጎደለም። በማን ነው ያልጎደሉት?"

አባ ደርምስ ልጆቹን አየ። አሮጊቷን አየ። አንገት የለውም እንጂ ቢኖረው ይደፋው ነበር።

"ውሉ ቀርቷል" አለ። "ገደሉም ዛፉም የእናንተ ነው። አንቺ ልጆቼን አድነሽልኛል፤ የፈለግሽውን ካሳ ጠይቂኝ።"

ዝንጀሮዎቹ ተንጫጩ። "ምንጩን በዪው!" አለ አንዱ። "ጥርሳቸው ይሰበር በዪ!" አለ ጓንጉል።

እመት ታንጉት እጇን አነሣችና ዝም አሰኘቻቸው። "ካሳ አልፈልግም። ያን መሐላ ከጫንቃችን አንሣልን። ጥፋቱ የማን እንደነበር አንተም ታውቃለህ፤ ልጆቻችን እየሰሙ ተናገረው።"

ይኼ ከሁሉ ከበደው። ገደል መመለስ ቀላል ነበር። አፈሩን በጥርሱ እየጫረ ብዙ ቆየ። ከርከሮዎቹ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

"ምንጩን ያደፈረስነው እኛ ነን" አለ በመጨረሻ። "ድንጋዩን የወረወራችሁት እናንተ ናችሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር።"

ከዝንጀሮዎቹ መሐል አንዲት እናት እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ጓንጉል ድንጋዩን እንደጨበጠ ቀረ። ሊፎክር ደረቱን ነፍቶ ወደ ኋላ ዞር ቢል ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን ጥለው ወደ ሾላው ይሮጣሉ። ለማን ይፎክር? እሱም ርቦታል። ድንጋዩን ጣለና ተከተላቸው።

እመት ታንጉት ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ከርከሮም ዝንጀሮም ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ ነበር። ስትሞት ሁለቱም ወገን አለቀሰላት። ስንቱ ጀግና በጠላቱ ይለቀስለታል? እኔ ይህን ከአያቴ ሰማሁ፣ ለእናንተ አቀበልኩ፤ እናንተም ለሚመጣው አቀብሉ። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ ባለ ድሉን እንዲህ ይለዋል፦

የጣሉትን ቢረግጡት ጠላት፣ ቢያነሡት ጎረቤት።