የአህያ ጆሮና የጦጢት ሕክምና

ተረት አለኝ፤ «የመሠረት» በሉኝና ልጀምር።

አህያ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ዋለና ሁለቱም ጆሮዎቹ ውሃ ገብቶባቸው ያሳክኩት ጀመር። ኤሊ፣ «ዘንበል በልና ይፍሰስልህ፤ ከዚያ ፀሐይ ያድርቀው» አለችው።

ሰው ማከም የምትወደው ጦጢት ግን፣ «ይኼ ደግሞ ምኑ ሕክምና ነው!» ብላ ጤና አዳም ጠቀጠቀችበት። ሲብስበት ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፤ ሽንኩርቱን ለማውጣት ደግሞ በስንጥር ጎረጎረችው። ጆሮዎቹ አብጠው ተደፈኑ።

በማግስቱ ነብር ከኋላው ሲመጣ ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና፣ «ነብር! ሩጥ!» ብላ ጮኸች። አህያ አፏ ሲንቀሳቀስ አየና፣ «ዛሬ ደግሞ ዝንጅብል ልትዪ ነው? ይብቃኝ እቴ!» አላት።

ጦጢትን ሥራዋ አንገበገባት። ዘልላ ጀርባው ላይ ወረደችና ጭራውን ነክሳ አስፈረጠጠችው።

ከዚያ ወዲህ ጦጢት እርጥብ ጆሮ ባየች ቁጥር ሁለት እጆቿ ላይ ትቀመጣለች።