ያልተቀረጸው ምርቃት

አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር፤ እንዳልካቸው ይባላል። ድሮ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት እያየ ነበር የሚቀርጸው። ቆይቶ ግን የመጽሐፍ ስፋት ያለው ሞኒተር ገዛና በኬብል ከካሜራው ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ ነው የሚሠራው። ሠርገኛው ከኋላው ተሰብስቦ «ወይ ጉድ፣ ሲኒማ እኮ ነው» ሲለው ደስ ይለዋል። ማን ይጠላል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የውብዳር የምትባል ሙሽራ ቤት ተጠራ። አባቷ አቶ ደምሰው ከታመሙ ወዲህ አንደበታቸው ተይዞ ከርሟል፤ ጥቂት ጥቂት መናገር የጀመሩት በቅርቡ ነው። ሙሽራዋ እንዳልካቸውን ለብቻው ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ ኬኩም ጭፈራውም ቢቀር ግድ የለኝም፤ ከቤት ስወጣ አባዬ ሲመርቀኝ ብቻ እንዳያመልጥህ። ድምፁ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ» አለችው።

«እሱን ለኔ ተዪው» አላት። እንግዶቹንም «ስልካችሁን አስገቡ፤ ፊቴ እየተደነቀራችሁ ታበላሹብኛላችሁ» ብሎ አዘዘ። ሁሉም አስገባ።

ሙሽሮቹ የአባትየውን ጉልበት ሊስሙ ሲጠጉ በድንኳኑ በር የገባው ፀሐይ ሞኒተሩ ላይ አብርቶ ምስሉን አደበዘዘበት። እንዳልካቸው ጥቁር ጨርቅ አወጣና ከሞኒተሩ እስከ ካሜራው ጀርባ ድረስ አለበሰው፤ ራሱንም ከጨርቁ ሥር አስገባ። ወዲያው ሞኒተሩ ጠፋ። የካሜራው የራሱ ስክሪንም ጠፋ። ኬብሉን ነቅሎ ሰካው። ሌላ ኬብል ቀየረ። ባትሪ ቀየረ። ካሜራውን አጥፍቶ አበራው። ያው ጨለማ ነው።

አጠገቡ የተቀመጡት ጎረቤት እትዬ ዘነበች ሁኔታውን አይተው፣ «ልጄ፣ በዚያች በትንሿ ቀዳዳ አይታይም እንዴ? ድሮ በሷ ነበር የሚያነሡት» አሉት ቀስ ብለው።

«ይተዉት እማማ፣ እሷ ለጀማሪ ናት» አለና ሦስተኛ ኬብል መፈለግ ያዘ።

እሺ፣ «አንዴ ታገሱኝ» ቢልስ ምን ነበረበት? አፈረ። ያን ሁሉ ሰው ስልክህን አስገባ ብሎ፣ አሁን የኔ አልሠራም ማለት ከበደው። ይህን ጊዜ አቶ ደምሰው እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያማጡ፣ «ልጄ... ውለጂ... ክበጂ... እንደኔ አንደበትሽ አይያዝ» አሉ። ሰዉ አሜን አለ። እሳቸውም ደክሟቸው ወንበራቸውን ተደገፉ።

የውብዳር ዓይኗን እየጠረገች ዞረችና «ተቀረጸ?» አለችው።

ፊቷን ማየት አቃተው። ጨርቁን ገፍፎ፣ ለመደበቅ ያህል ጎንበስ አለና ዓይኑን በትንሿ መስኮት ላይ አደረገ። ሙሽራዋ ጥርት ብላ ታየችው፤ አባቷም እስከ እንባቸው። ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር፤ እሱ ግን ሲያጠፋ ሲያበራ መቅረጫውን ሳይጫን ምርቃቱ አልፎታል። ከመስኮቷ አጠገብ የሰው ዓይን ሲቀርብ የምታውቅ ትንሽ ነገር አለች፤ ዓይን መጣ ስትል ምስሉን ከስክሪኑና ከሞኒተሩ አንሥታ ወደ መስኮቷ ታዞረዋለች። እሱ ያለበሰውን ጨርቅ ነው ዓይን ያለችው። ምስሉ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ነው የጠፋው።

«አልተቀረጸም እህቴ» አላት።

የውብዳር ወደ አባቷ ተመልሳ ተንበረከከች። «አባዬ፣ እባክህ አንዴ ድገምልኝ።» አቶ ደምሰው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ድምፅ አልወጣም።

ወዳጆቼ፣ ዓይናችን ያላየውን ሁሉ ተበላሸ፣ ጠፋ እንላለን። እንነቅላለን፣ እንቀይራለን፣ እንደክማለን። ብዙ ጊዜ ግን የጋረድነው እኛው ራሳችን ነን፤ የሚታይበትንም ቦታ ዝቅ በሉ ስለሚለን ብቻ እንንቀዋለን። ለመሆኑ እናንተስ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ጎንበስ ሳትሉላት ያለፋችኋት መስኮት የትኛዋ ናት?