የይታክቱ መቀነት

ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የአንለይን እጅጌ ያዘ። እጅጌውን ተከትሎ ክንዱ ገባ። ሞተሩ አልቆመም።

ይህ የሆነው የመንደራችን፣ የወይራ አፋፍ፣ ዋርካ ገና ችግኝ ሆኖ በእሾህ ታጥሮ በነበረበት ዘመን ነው። ከናንተ አንዳችሁም አልተወለዳችሁም። አንለይ የወፍጮው ሞተረኛ ነበር። ቺንጋው እንዳይንሸራተት፣ እየዞረ እያለ ሙጫ ይቀባዋል። ሁሉም ሞተረኛ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ሞተሩን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ማስነሳቱ ግን አራት ጎረምሳ ይፈልጋል፤ ወረፋ የያዙት ሴቶችም ይጮሃሉ።

ይታክቱ የወፍጮ ቤቱ ጠራጊ ነበረች። ባል የላትም፣ መሬት የላትም። የምትኖረው ከወለሉ ጠርጋ በምትወስደው ዱቄት ነው። ያን ቀን እንደ ሰዉ ሁሉ ጮኸች። ሞተሩ በምን እንደሚቆም አታውቅም ነበር። አንለይ ክንዱን አጣ።

ሲሻለው ልትጠይቀው ሄደች።

«በምንድን ነው የሚቆመው?» አለችው።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ንገረኝ እንጂ።»

የናፍጣውን መዝጊያ ነገራት።

ከርሞ ዱቄት የሚወርድበት አፍ ተደፈነ። አዲሱ ሞተረኛ ጓዴ፣ ወፍጮው እየዞረ እጁን ሰደደ። ይታክቱ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች፤ ናፍጣውን ዘጋች። ሞተሩ ቆመ። ጓዴ እጁን አወጣ። ምንም አልሆነም፤ ለዚያ ነው የተናደደው።

ሴቶቹም ሳቁባት። «እሰይ! ጠራጊዋ ሞተረኛ ሆነችልን!»

«እጁ ቢቆረጥ የማንሽ ዱቄት ነበር በደም የሚለወሰው?» አለቻቸው።

ባለወፍጮው ባላምባራስ ደምለው ግን አልሳቁም። «ሁለተኛ ሞተሬን ብትነኪ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ» አሏት።

ሦስተኛው እጅ የኔ ነው። እኔ ድንጋይ ወቃሪ ነበርኩ። የወፍጮው ድንጋይ ሲደንዝ እየተጠራሁ እወቅራለሁ። ሞተሩ ከግድግዳ ማዶ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ወቃሪውን አያየውም። ያን ቀን ልገባ ስል ይታክቱ መጣች። ሞተሩ የሚነሳበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ አነሳች። ወገቧ ላይ በመቀነቷ አሰረችው። የሞተሩ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ገባሁ።

ወቀርኩ፣ ወቀርኩና መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ጠጠሩን በእጄ መልቀም ጀመርኩ። ድምፁ ሲቆም ባላምባራስ ያለቀ መሰላቸው። የልጃቸው ሠርግ ደርሷል፤ እህሉ ተከምሯል።

«ማኖቬላውን አምጪ።»

«ውስጥ ያለው ሲወጣ።»

«አምጪ አልኩሽ! የማን ቤት መሰለሽ?»

«የርስዎ ነው፣ ጌታዬ። እጁ ግን የሱ ነው።»

«እንግዲያ መጥረጊያሽን አስቀምጪና ከቤቴ ውጪ!»

መጥረጊያዋን አስቀመጠች። ከደጃፉ ግን አልተነሳችም። በከዘራቸው ትከሻዋን መቷት። አልተነሳችም። ደገሟት። አልተነሳችም።

ጩኸቱን ሰምቼ ወጣሁ። ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ነበር። ባላምባራስ እጄን አዩ። ከዘራቸውንም ወደ መሬት መለሱ። ያን ጊዜ መቀነቷን ፈታች፤ ብረቱን ለሳቸው ሳይሆን ለኔ ሰጠችኝ። እሳቸው ይቅርታ አላሉም፤ «ከቤቴ ውጪ» ያሏትንም ሁለተኛ አላነሱም። በማግስቱ ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ዛሬ ወፍጮው በመብራት ነው፤ ማኖቬላ የለም። እጁን ወደ ውስጥ የሚሰድ ሰው መጀመሪያ ፊውዙን ነቅሎ፣ ወረፋ ከያዙት ሴቶች ለአንዷ ይሰጣል። «ለይታክቱ ሰጥቻለሁ» ይላል። ሴትዮዋ መቀነቷ ላይ ትቋጥረዋለች። ባለወፍጮው ቢለምናት አትሰጥም። የምትመልሰው እጁን ለሰደደው ሰው ነው፣ በዚያው እጁ ላይ።

እኔ ለሥራ ወደ ቆላ ስወርድ ልሰናበታት ሄድኩ። አርጅታ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁለቴ ጠራኋት። በሦስተኛው ቀና አለች። ጉልበቷን ሳምኩ፤ መረቀችኝ። ልወጣ ስል እንዲህ አለችኝ፦

«ስትመለስ ጮክ ብለህ ጥራኝ፣ ቢያድጌ። ጆሮዬን ያ ሞተር በልቶታል።»