በፍላሽ የመጣው እንግዳ

በደሴ፣ በእኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው ያልመረመረውን ነገር «ችግር የለውም፣ ዝም ብለህ ተቀበለው» ብሎ ሲመክር ከተሰማ፣ የሰማው ሁሉ አንዲት አባባል ይወረውርበታል። አባባሏን ዛሬ ልጁም አዋቂውም ይላታል፤ ከማን አፍ እንደወጣችና በማን እንባ እንደተገዛች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ስትነገር እዚያው ነበርኩ። ካቻቪቴ ይዤ ኮምፒውተር እየገጠምኩ ነበር።

ስሜ መዲና ነው፤ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጋሽ ይመር ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወሎን ምንጮች ስም ሲሰበስቡ ኖረዋል። ምንጩን ማን አገኘው፣ ለምን እንዲያ ተባለ፣ እነማን ተጣሉበት፣ በማን ሽምግልና ታረቁ፤ ይህን ሁሉ በየመንደሩ በእግራቸው እየዞሩ ከሽማግሌዎች አፍ ለቀሙት። ከነገሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የጻፉባቸውን ደብተሮችም አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ አበስብሷቸዋል። የቀረው በቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣት የጻፉት አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ሌላ ቅጂ እንዲያስቀምጡ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ! «ቤቴ ውስጥ አይደል ያለው፣ ማን ይወስድብኛል?» ይሉኝ ነበር።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ፊደሉ አላምር አላቸው። ይህንንም ለጎረቤታቸው ለካሳዬ አጫወቱት። ካሳዬ በመሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ መንጭቆ የሚያወጣ ሰው ነው። በዚህች ምክንያት ሰፈሩ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይለዋል፤ እሱም አይክድም። በማግስቱ ፍላሽ ይዞ ከች አለ።

«ሰው በውድ የሚገዛው የአማርኛ መጻፊያ ነው ጋሽ ይመር፤ ለእርስዎ በነጻ!»

ፍላሹ ውስጥ ከፕሮግራሙ ጋር አንዲት አጭር መመሪያ ነበረች። «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረሱን ጨርሰው ያስወግዱት» ትላለች። አንቲቫይረሱ እኔ በገዛ እጄ የጫንኩላቸው፣ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። ገና ፍላሹ ሲሰካ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጋሽ ይመርም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ካሳዬ፣ አደገኛ ነው እያለ እኮ ነው። መዲናን ብንጠይቃትስ?»

«መዲና? እሷማ ለገበያዋ ስትል ታስፈራራዎታለች። ይሄ ነገር በሆነ ባልሆነው መጮህ ልማዱ ነው።»

ጠባቂውን ራሱ ካሳዬ አስወገደው። ፕሮግራሙ ተጫነ። ደግሞ ሠራ! ፊደሉ ቁልጭ ያለ፣ ዓይን የሚስብ። ጋሽ ይመር ካሳዬን ቆመው መረቁት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሌባ ሲሰርቅ አይቼ አውቃለሁ፤ በምርቃት ታጅቦ ቤት ሲገባ ግን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ጋሽ ይመር ደወሉልኝ።

«መዲና ልጄ፣ የምዕራፎቹ ስም ዓይኔ እያየ ይቀየራል። ሁለቱን ልክፈት ብል እምቢ አሉ። አሁን ደግሞ ሦስተኛው…»

«ሶኬቱን ይንቀሉ!»

«በደንብ ዘግቼው ነው ወይስ…»

«ምንም አይዝጉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ ጋሽ ይመር!»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ የነቀሉትን ገመድ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘይነብ ትከሻቸውን ይዘዋቸዋል።

«ይሄ ሌባ በየት በኩል ሰብሮ ገባ?» አሉኝ እትዬ ዘይነብ።

«አልሰበረም እትዬ። ትሮጃን ይሉታል፤ ካልጋበዙት አይገባም። ሰው የሚፈልገውን ነገር መስሎ ይመጣል፣ የተባለለትንም ሥራ ይሠራል። ጋሽ ይመር በፊደሉ ሲደሰቱ እሱ በጓሮ በር ከፍቶ ባለቤቶቹን ያስገባል። ለመክፈቻው ገንዘብ ለመጠየቅ ጽሑፉን የሚቆልፉት እነሱ ናቸው።»

«ወይ ጉድ! እኛው አስተናግደነዋላ!»

ኮምፒውተሩን ወደ ሱቄ ወሰድኩት። እሱኑ መልሼ ባበራው ቁለፋውን ይቀጥል ስለነበር ዲስኩን ፈትቼ ንጹሕ ማሽን ላይ ሰካሁትና ጽሑፎቹን ብቻ አንድ በአንድ እየፈተሽኩ አወጣሁ። ፕሮግራም የተባለ ነገር አንድም አላተረፍኩም። ከዚያ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ጠባቂውንም መለስኩት። የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ደግሞ በእኔ ስልክ አስቀየርኳቸው፤ በተበከለው ኮምፒውተር ቢቀይሩት ሌባው አብሮ ያነበው ነበርና። ሶኬቱ ሲነቀል ሊቆለፍ የነበረው ሦስተኛው ጭምር፣ አሥራ ሰባቱ ምዕራፎች ተከፈቱ። ሁለቱን ሁለት ቀን ታገልኳቸው፤ አልተከፈቱም።

ሁለቱም ስለ ወሎ ቦረና ምንጮች የተጻፉ ነበሩ። ነጋሪያቸው ዓይነ ስውር አዛውንት ነበሩ፤ አምና አርፈዋል።

ኮምፒውተሩን ቤታቸው መልሼ ስገጥም ይህን ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው። «አደራ ነበር» አሉ። «‹እኔ ስሞት ምንጮቹ ስም አልባ እንዳይቀሩ› ብለውኛል። እሺ ብዬ እጃቸውን መትቼ ነው የመጣሁት።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። እትዬ ዘይነብ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

ካሳዬ የገባው ይኼኔ ነው። የሆነውን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ። ሞኝ ነኝ።

«መቼም ሁሉ ነገር በእኔ ነው የሚላከከው» አለ። «ፕሮግራሙን ማጥፋት ብቻ ይበቃ ነበር። ምን ይሄን ያህል ያካብዳል?»

ጮህኩበት። «እሱ ቢጠፋ የከፈተው በር አብሮ ይዘጋል? የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ነው እኮ! ጠባቂውን አስወግዱ ሲልህ ምነው ትንሽ እንኳ ብትጠረጥር?»

«ምን ይጠረጠራል? በነጻ የሚገኝ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። እንግዳስ ቢሆን በር ላይ ቆሞ ‹ውሻ ያዙ!› ይል የለም? ያው ነው።»

ነገሩ ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ነጥዬ ማሳየት አቃተኝ። ጋሽ ይመርም አንገታቸውን ደፉ፤ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ሊወስዱ ነው። እትዬ ዘይነብ ግን የወንድማቸውን ትከሻ ለቀው ተነሱና ካሳዬ ፊት ቆመው እንዲህ አሉት፦ «ያው አይደለም፤ ውሻ ያዙ ያለ እንግዳ፣ ውሻ ግደሉ ያለ ሌባ።»